ሁለተኛው ምስክር

በኦሪት ሕግ ሰው በአንድ ምስክር ቃል ብቻ እንዳይፈረድበት የታዘዘው፣ የአንድ ሰው ዓይን የቱን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ሕግ ሰጪው ስለሚያውቅ ነው፤ ይህም ሥርዓት በምድራዊ ሸንጎ ተወስኖ የቀረ ሳይሆን፣ የሰማይን ሠራዊት በሚመረምሩ ሊቃውንት ዘንድ መጀመሪያ ሳይጻፍ የኖረ፣ በኋላም ተጽፎ የጸና ደንብ ሆኗል። አዲስ ጅራታም ኮከብ፣ ወይም አስቴሮይድ ከሚባሉት፣ ፀሐይን ከሚዞሩ ንኡሳን ፈለኮች አንዱን አገኘሁ የሚል ሰው፣ ስሙ የቱንም ያህል የከበረ፣ መሣሪያውም የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ በሌላ ስፍራ ቆሞ ያንኑ ነገር ያየ ሁለተኛ ሰው እስኪነሣለት ድረስ፣ ግኝቱ ብዙውን ጊዜ ግኝት ተብሎ ለመቈጠር አይበቃም። በዚህ ምዕራፍ የምንናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ምስክር ነው፤ የሚያስደንቀውም፣ ይህ ምስክር ብዙውን ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ወንበር የተሾመ መምህር ሳይሆን፣ ቀን በሌላ ሥራ ለእንጀራው ሲደክም ውሎ ሌሊቱን ያለ ደመወዝ ለሰማይ የሚሰጥ፣ በዘመኑ አነጋገር አማተር የሚባል ሰው መሆኑ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1801 ዓመት መመለስ ያስፈልጋል (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ሌሊት፣ በሲሲሊያ ደሴት በፓሌርሞ ከተማ፣ ጁሴፔ ፒያትሲ የተባለ የካቶሊክ ካህን የከዋክብትን ስፍራ እየለካ በመዝገብ ሲያሰፍር፣ ከዚያ በፊት በማናቸውም መዝገብ ያልተጻፈች አንዲት ደብዛዛ ኮከብ አየ፤ በማግሥቱ ሲመለስባትም ከነበረችበት ጥቂት ፈቀቅ ብላ አገኛት። እስከ ፌብሩዋሪ 11 ድረስ፣ ደመና ባልከለከለው ሌሊት ሁሉ ተከታተላት፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕመም አስተኛው፣ ወሬውም በዘመኑ መልእክተኛ ፍጥነት እየተጓዘ ወደ ሰሜን አውሮፓ ሊቃውንት እስኪደርስ ድረስ፣ ያች አካል በፀሐይ ብርሃን ተሸፍና ከማንም ዓይን ተሰወረች። እንግዲህ ፒያትሲ ያየውን አይቷል፤ ሆኖም ከእርሱ በቀር ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

በዚያ ጊዜ ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ የተባለ የ24 ዓመት ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ፣ ፒያትሲ የተዋቸውን ጥቂት ልኮች ብቻ ይዞ፣ የአካሏን መንገድ የሚያሰላበት አዲስ ዘዴ አወጣ፤ በዓመቱ መጨረሻም በምን ስፍራ ልትገኝ እንደምትችል አመለከተ። ፍራንትስ ፎን ትሳኽ የተባለው የጎታ ከተማ የከዋክብት ተመልካች በዲሴምበር 31 ሌሊት በዚያው አካባቢ አገኛት፤ እርሱንም ወዲያው ተከትሎ ሃይንሪኽ ኦልበርስ አያት። ይህ ኦልበርስ የብሬመን ከተማ ሐኪም ነበር። ቀን በሽተኞችን ሲጠይቅና መድኃኒት ሲያዝ ይውልና፣ ማታ የቤቱን ላይኛ ፎቅ መመልከቻ አድርጎ ሰማይን ይመረምራል። ሴሬስ ተብላ የተሰየመችው፣ ስፋቷ 940 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነችው የመጀመሪያዋ ንኡስ ፈለክ የዓለም ንብረት ሆና የቀረችው፣ እንግዲህ በካህን ትዕግሥት፣ በወጣት ሒሳብና በሐኪም ምስክርነት ነው። ኦልበርስም በዚህ አልቆመም፤ በ1802 ፓላስን፣ በ1807 ቬስታን ራሱ አገኘ። ከእርሱ በኋላ ለረጅም ዘመን ሌላ ንኡስ ፈለክ ሳይገኝ ቀርቶ ሊቃውንቱ ተስፋ በቈረጡ ጊዜ፣ ዝምታውን የሰበረው ካርል ሄንኬ የተባለ የፕሩስያ ጡረተኛ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው፤ 15 ዓመት ያህል ከፈለገ በኋላ በ1845 አስትሬያን አገኘ።

ጅራታም ኮከቦችም የየራሳቸው ክርክር ነበራቸው። የዴንማርክ ንጉሥ፣ በመነጽር ብቻ የሚታይ አዲስ ጅራታም ኮከብ ቀድሞ ለሚያገኝ የወርቅ ሜዳልያ እንደሚሸልም አስታውቆ ስለ ነበር፣ የቀዳሚነት ጥያቄ የክብር ብቻ ሳይሆን የወርቅም ጥያቄ ሆኖ ነበር። በኦክቶበር 1 ቀን 1847፣ በአሜሪካ በናንተኬት ደሴት የቤተ መጻሕፍት ጠባቂ የነበረችው ማሪያ ሚቸል አባቷ ከሚሠራበት ባንክ ሰገነት ላይ ሆና አንድ አዲስ ጅራታም ኮከብ አየች፤ በሮማ የነበሩት አባ ፍራንቼስኮ ዴ ቪኮ ግን ያንኑ ኮከብ ከሁለት ቀን በኋላ አይተው ወሬውን ፈጥነው በማስታወቃቸው፣ ክብሩ ለጥቂት ጊዜ የእርሳቸው መስሎ ነበር። ነገሩ ከተመረመረ በኋላ ሜዳልያው በ1848 ለሚቸል ተሰጣት። እንደ እኔ አስተያየት ከዚህ ታሪክ የሚታወሰው ማን ማንን ቀደመ የሚለው ሳይሆን፣ ውቅያኖስ የለያያቸው ሁለት ሰዎች፣ ሳይመካከሩ አንዱ ለሌላው ምስክር ሆነው መገኘታቸው ነው።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ሥራው እንግባ። የባሕረ ሐሳብ መምህራን መጥቅዕንና አበቅቴን ይዘው የሚመጣውን ዘመን ጾምና በዓል ከብዙ ዓመት አስቀድመው የሚያውጁት፣ የፀሐይና የጨረቃ አካሄድ በብዙ ትውልድ ምልከታ ተመርምሮ የታወቀ ስለ ሆነ ነው፤ ዛሬ ሌሊት ለተገኘ አካል ግን ገና አበቅቴ አልወጣለትም። በዛሬው ጊዜ ሰማይን በየሌሊቱ የሚያስሱት ትልልቅ ቴሌስኮፖች አንዱን የሰማይ ክፍል በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግመው፣ ብዙውን ጊዜ አራት ጊዜ ፎቶግራፍ ያነሡታል፤ ከዚያም ኮምፒዩተር ምስሎቹን እያስተያየ፣ ከዋክብቱ ባሉበት ረግተው ሳለ ከስፍራዋ የተንቀሳቀሰች ነጥብ መኖሯን ይጠቁማል። ነጥቢቱ እውነተኛ አካል ልትሆን ትችላለች፤ የካሜራ ጉድለት፣ ከደማቅ ኮከብ የተንጸባረቀ ብርሃን፣ ወይም ሰው የሠራው ሳተላይት ልትሆንም ትችላለች። እውነተኛ ብትሆን እንኳ፣ በሩቅ ዳገት ላይ የምትሄድ በቅሎን ለአንድ አፍታ ያየ ሰው መሄዷን እንጂ ከማን ደጅ እንደምትገባ ሊያውቅ እንደማይችል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የተነሡ አራት ምስሎችም ብዙ ልዩ ልዩ መንገዶችን የሚፈቅዱ ናቸው፤ ቀርፋፋና ቅርብ የሆነው አካል ፈጣንና ሩቅ ከሆነው አይለይም። ሰዓቱ በገፋ ቍጥር፣ ያ አካል ሊገኝበት የሚችለው የሰማይ ስፍራ እየሰፋ ይሄዳል፤ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ደመና ከሆነ ደግሞ ስፍራው ከመጠን በላይ ሰፍቶ ፍለጋው ከንቱ ይሆናል።

ይህ የሐሳብ ፍርሃት ብቻ አይደለም። አፖፊስ የተባለው አስቴሮይድ በጁን 2004 በአሪዞና ከሚገኘው ከኪት ፒክ ተራራ ሁለት ሌሊት ታይቶ ጠፋ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከአውስትራሊያ እንደገና ሲገኝ፣ የመንገዱ ስሌት በአፕሪል 2029 ከምድር ጋር ሊጋጭ እንደሚችል አመለከተ፤ ዕድሉም እስከ 2.7 በመቶ ከፍ አለ። ሥጋቱን ያስወገደው ማንም ሳያስተውለው ከመጀመሪያው ግኝት በፊት በማርች 2004 በተነሡ ምስሎች ላይ ይኸው አካል መገኘቱ ነው፤ እነዚያ አሮጌ ምስሎች ዘግይቶ የተሰማ ምስክር ሆኑ ማለት ነው። ዛሬ አፖፊስ በዚያ ቀን ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንደሚያልፍ በእርግጥ ይታወቃል።

የዓለም ሁሉ ምስክርነት የሚሰበሰብበት ማኅደር ማይነር ፕላኔት ሴንተር ይባላል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ በ1947 በሲንሲናቲ ከተማ ተቋቁሞ፣ በ1978 ማሳቹሴትስ ውስጥ ወደሚገኘው ኬምብሪጅ ተዛውሮ፣ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ጥላ ሥር ይሠራል። አንድ ቴሌስኮፕ አጠራጣሪ ነጥብ ሲያገኝ ልኮቹን ለማእከሉ ይልካል፤ ማእከሉም በታወቁት ንኡሳን ፈለኮች መዝገብ ውስጥ አለመኖሯን ካረጋገጠ በኋላ፣ ምድርን የምትቀርብ የመሆን ዕድሏን ከ0 እስከ 100 በሚደርስ ነጥብ ይመዝናል፤ 65ና ከዚያ በላይ ካገኘች፣ ማረጋገጫ በሚጠብቁ አካላት ዝርዝር ላይ ጊዜያዊ ስም ይዛ ትወጣለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዝርዝሩ ለማንም ክፍት ነው፤ በእንግሊዝ ገጠር በጓሮው ትንሽ ጕልላት የሠራ ጡረተኛ፣ በጃፓን መምህር፣ በአውስትራሊያ ገበሬ ቢሆን፣ ሰማዩ ጥርት ያለለት ሁሉ መሣሪያውን ወደዚያ ያዞራል።

የአማተሩ ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የሚፈለገው አካል እጅግ ደብዛዛ ከመሆኑ የተነሣ በአንዲት ፎቶግራፍ ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ አማተሩ ብዙ አጫጭር ምስሎችን ያነሣና፣ አካሉ ይሄዳል ተብሎ በተገመተው ፍጥነትና አቅጣጫ ልክ እያንዳንዱን ምስል ፈቀቅ እያደረገ በኮምፒዩተር አንዱን በሌላው ላይ ይደርበዋል፤ በዚያን ጊዜ ከዋክብቱ እንደ መስመር ይዘረጋሉ፣ ደብዛዛው አካል ግን ብርሃኑ ተጠራቅሞ በነጥብ ይገለጣል። ቀጥሎ የነጥቧን ስፍራ፣ ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኰራኵር ከለካቻቸው ከአንድ ቢልዮን በላይ ከዋክብት አንጻር ይለካል። ልኩ ከአንድ የማዕዘን ሰከንድ ባልበለጠ ስሕተት ውስጥ እንዲሆን ይፈለጋል፤ የዚህን ትንሽነት ለመረዳት፣ የሙሉ ጨረቃ ስፋት ወደ 1,800 የማዕዘን ሰከንድ መሆኑን ማሰብ ይበቃል። ሰዓቱም መታመን አለበት፤ ለምድር ቀርቦ የሚበር አካል በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ስፍራውን ስለሚለውጥ፣ ሰዓቱ የዘገየበት ተመልካች፣ ዓይኑ ትክክል ሳለ ምስክርነቱ ሐሰት ይሆናል።

አማተሮች ስለ ጅራታም ኮከቦችም ልዩ አገልግሎት አላቸው። ትልልቆቹ አሳሾች ብዙ ሰማይ በአጭር ጊዜ ስለሚሸፍኑ፣ ያገኙት ነገር ከአስቴሮይድ የማይለይ ነጥብ መስሎ ይታያቸዋል፤ አማተሩ ግን በዚያች አንዲት ነጥብ ላይ ሰዓታት ሊያጠፋ ስለሚችል፣ በዙሪያዋ የከበባትን ጭጋግ፣ ወይም የጅራቷን መጀመሪያ አይቶ፣ ይህች ድንጋይ ሳትሆን በፀሐይ ሙቀት በረዶዋ የሚተን ጅራታም ኮከብ ናት ብሎ ይመሰክራል። ስሙ ግን ለመጀመሪያው አግኚ ይሰጣል፤ ለመስካሪው የሚቀረው፣ ግኝቱ በሚታወጅበት ጽሑፍ ላይ የመመልከቻ ስፍራው ሦስት ፊደላትና ቍጥሮች ያሉት ኮድ መጠቀሱ ብቻ ነው። ይህ ፍትሕ ነው አይደለም የሚለውን ለአንባቢ እተዋለሁ፤ ነገር ግን ስለ ስም ብሎ በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ብዙ እንደማይሆን እገምታለሁ።

ወሬ የሚተላለፍበት መንገድም ከዘመን ወደ ዘመን ሲለወጥ አስቂኝ ነገር አይታጣበትም። በጁላይ 23 ቀን 1995 ሌሊት፣ በአሪዞና በረሓ፣ የራሱ ቴሌስኮፕ ያልነበረው፣ በሕንፃ መሣሪያ ድርጅት የሚሠራው ቶማስ ቦፕ በጓደኛው መነጽር ሲመለከት አንድ ጭጋጋማ ነገር አየ፤ ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰም፣ ቴሌግራም መላክ እየተረሳ በሄደበት ዘመን፣ እንደ ጥንቱ ልማድ ለማእከላዊው የሥነ ፈለክ ቴሌግራም ቢሮ ቴሌግራም ላከ። ሙያተኛው አለን ሄል ያንኑ ነገር በዚያው ሌሊት ከኒው ሜክሲኮ አይቶ በኤሌክትሮኒክ መልእክት ቀድሞ አስታውቆ ነበር፤ ስሙም ሄል–ቦፕ ሆነ፤ በ1997 ያለ መነጽር የታየው ታላቁ ጅራታም ኮከብ ይኸው ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች ሁሉ ግን የሁለተኛው ምስክር ሥራ ተጠቅልሎ የተገለጠው፣ ለእኛም ጎረቤት በሆነ ሰማይ ላይ ነው። በኦክቶበር 6 ቀን 2008፣ በአሪዞና ከማውንት ለመን ተራራ ሪቻርድ ኮቫልስኪ የተባለ ተመልካች በ1.5 ሜትር ቴሌስኮፕ አንዲት ፈጣን ነጥብ አገኘ። ልኮቹ ወደ ማእከሉ ደርሰው መንገዷ ሲሰላ፣ ነጥቢቱ በ20 ሰዓት ውስጥ ምድርን እንደምትመታ ታወቀ፤ አስቀድሞ በሰማይ ታይቶ ምድርን እንደሚመታ የተነገረለት አካል ከዚያ በፊት አልነበረም። ያን ጊዜ ርቀቷ ከጨረቃ ርቀት ጥቂት የሚያልፍ ብቻ ነበር። ሌሊቱ ከአሜሪካ ወደ አውስትራሊያ፣ ከአውስትራሊያም ወደ አውሮፓ ሲሻገር፣ ምስክሮቹም በዚያው ተራ እየተነሡ፣ ሙያተኞችና አማተሮች በአንድነት ከ26 መመልከቻ ስፍራዎች 570 ያህል ልክ ላኩ፤ በላ ፓልማ ደሴት የሚገኘው 4.2 ሜትሩ ዊልያም ኸርሸል ቴሌስኮፕም ብርሃኗን ወደ ቀለማት ከፍሎ ጠባይዋን መረመረ። 2008 ቲሲ3 ተብላ የተመዘገበችው ይህች አካል 4 ሜትር ያህል ስፋትና ወደ 80 ቶን የሚጠጋ ክብደት እንዳላት ተገመተ። ልኩ በበዛ ቍጥር የምትወድቅበት ስፍራ እየጠበበ መጥቶ የሰሜን ሱዳን የኑብያ በረሓ ሆነ። ከመውደቋ በፊት በመጨረሻዋ ሰዓት ወደ ምድር ጥላ ገብታ ስለ ጨለመች፣ ከዚያ ወዲያ የሚያያት አልነበረም።

በማግሥቱ፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ሲሆን፣ በሴኮንድ 12.4 ኪሎ ሜትር እየተጓዘች አየሩን ገምሳ ገባች፤ በ37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይም ፈነዳች። አስቀድሞ የተነገራቸው የአንድ የኔዘርላንድ አውሮፕላን አብራሪዎች ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ሳሉ ብልጭታዋን አዩ። ብዙዎች ከእርሷ አንዳች ነገር ወደ መሬት አይደርስም ብለው ነበር። ነገር ግን በዲሴምበር 2008 የካርቱም ዩኒቨርሲቲው መምህር ሙአውያ ሻዳድ ከአሜሪካ ከመጡት ከፒተር የኒስከንስ ጋር ሆነው፣ ተማሪዎቻቸውን በበረሓው ላይ በረድፍ አሰልፈው፣ በስሌቱ መስመር ላይ እየተራመዱ ሲፈልጉ፣ በመጀመሪያው ቀን ጥቁር ስብርባሪ አገኙ፤ በተከታዩ ፍለጋም 600 ያህል ቍራጭ፣ በጠቅላላው ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ተሰበሰበ። በአቅራቢያው ባለው የባቡር ጣቢያ ስምም አልማሓታ ሲታ ተባለ። በውስጡ እጅግ ደቃቅ አልማዝ የሚገኝበት፣ ዩሬይላይት የሚባል ብርቅ የድንጋይ ዓይነት ነው። ብዙ ቤተ መዘክሮች የሰማይ ድንጋይ አላቸው፤ በሰማይ ሳለ ታይቶ፣ ብርሃኑ ተመርምሮ፣ መንገዱ ተሰልቶ፣ በመጨረሻም በእጅ የተያዘ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ይህም የሆነው አንድ ሰው ያገኘውን ነጥብ በ20 ሰዓት ውስጥ ያን ያህል ዓይን ስለ መሰከረለት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አማተሩ የመጀመሪያው ምስክር ሆኖ ይገኛል። በኦገስት 30 ቀን 2019 ከንጋት በፊት፣ በክራይሚያ፣ በሙያው የቴሌስኮፕ መሐንዲስ የሆነው ጌናዲ ቦሪሶቭ፣ ራሱ በሠራው የ65 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ፣ ትልልቆቹ አሳሾች ብዙ በማይደርሱበት ለፀሐይ ቅርብ በሆነው የሰማይ ክፍል ላይ ጭጋጋማ ነገር አገኘ። ሌሎች ሲመሰክሩለት፣ ነገሩ ከታሰበው ሁሉ የላቀ ሆነ፤ ለፀሐይ የሚገዛ አካል መንገዱ የተዘጋ ሞላላ ሲሆን፣ የሞላላነቱ ልክ ከ1 ያንሳል፤ የዚህ ግን ከ3 በላይ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ከሌላ ፀሐይ ቤት የመጣ፣ አንድ ጊዜ አልፎ ዳግም የማይመለስ እንግዳ ነበር፤ 2አይ/ቦሪሶቭ ተብሎም ተሰየመ። በአንዲት ሌሊት ምልከታ ብቻ እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ሊናገር ባልደፈረ ነበር።

ዛሬ በቺሊ ተራራ ላይ 8.4 ሜትር መስተዋት ያለው የቬራ ሩቢን መመልከቻ ሥራ ጀምሯል፤ እርሱ የሚያገኛቸው ብዙዎቹ አካላት ለትናንሽ መነጽሮች የማይደፈሩ ደብዛዞች ስለሚሆኑ፣ የአማተሩ ዘመን አለፈ የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ለምድር ቀርቦ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚያልፈው ትንሽ ድንጋይ፣ በቀረበ ጊዜ ስለሚደምቅ በትንሽ መነጽር ይያዛል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የመስተዋት ትልቅነት ሳይሆን፣ ሌሊት በሆነበትና ሰማዩ በጠራበት አገር የነቃ ሰው መኖሩ ነው። ትልቁ መመልከቻ የቱንም ያህል ቢገዝፍ በአንድ አገር ብቻ ይቀመጣል፤ በዚያም ፀሐይ በወጣች ጊዜ ዓይኑ ይታወራል። ይህንኑ በማሰብ ነው የፕላኔታሪ ሶሳይቲ ማኅበር ከ1997 ጀምሮ፣ የሥነ ፈለክ ሊቅ በነበረው በጂን ሹሜከር ስም፣ ለአማተሮች ካሜራና መሣሪያ መግዣ የሚሆን ርዳታ ሲሰጥ የኖረው። ከዚህ ርዳታ ድርሻ ካገኙት አንዱ የስፔን የጥርስ ሐኪም የሆነ አማተር ነበር፤ እርሱ ያለበት የላ ሳግራ ቡድን በፌብሩዋሪ 2012 ያገኘው 2012 ዲኤ14 የተባለው አስቴሮይድም፣ በዓመቱ ከምድር ገጽ 27,700 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ፣ ከቴሌቪዥን ሳተላይቶች መሥመር በታች አለፈ። በዚያችው ዕለት በሩስያ በቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ ሌላ፣ 20 ሜትር ያህል የሆነ አካል ፈንድቶ ከ1,000 በላይ ሰዎችን አቈሰለ፤ እርሱን ግን ከፀሐይ ወገን ስለ መጣ አስቀድሞ ያየው አንድም ምስክር አልነበረም።

የምስክሮች መስመር ከአውስትራሊያ ተነሥቶ ወደ አውሮፓ ሲሻገር፣ በመካከሉ ሰፊ ክፍት ስፍራ ይቀራል፤ የሕንድ ውቅያኖስና የምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ማለት ነው። በእንጦጦ ተራራ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ይህም ሌሎች ብዙ ዝና ካተረፉባቸው መሣሪያዎች የሚያንስ አይደለም። ለዚህ አገልግሎት ግን የመንግሥት መመልከቻ እንኳ የግድ አያስፈልግም። ካሜራ የተገጠመለት መጠነኛ ቴሌስኮፕ፣ የማይዘገይ ሰዓትና ደመና የሌለበት የበጋ ሌሊት ያለው አንባቢ፣ መጀመሪያ መንገዳቸው ተጣርቶ የታወቀ ንኡሳን ፈለኮችን ለተለያዩ ሌሊቶች ለክቶ ለማእከሉ ይላክ፤ ልኩ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ለመመልከቻው ስፍራ ኮድ ይሰጠዋል፤ ኮዱን ለማግኘት ዲግሪም ማዕረግም አይጠየቅበትም።